ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዘው ሲዛወሩ የመኖሪያ ሰፈር እንዴት ይመረጣል?

ወደ አዲስ ከተማ የሚዛወር አዋቂ ስለ ከተማው በጠቅላላ ይጠይቃል፤ ሥራው እንዴት ነው፣ ኪራዩ ስንት ነው፣ የትኛው ሰፈር ስም አለው ይላል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ግን ከተማ የሚባል ነገር የለም። የእሱ ዓለም ከደጃፉ ተነስቶ በራሱ እግር ወይም በጋሪ ሊደርስበት የሚችለው ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ደረጃው፣ የሕንፃው መግቢያ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ ጥግ ላይ የታሰረው ውሻ፣ የመንገድ ማቋረጫው፣ መጫወቻ ስፍራው። ይህ መመሪያ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ሰፈሩ ምን ዓይነት ስም እንዳለው ከመጠየቅ በፊት፣ የልጁ ተራ ቀን፣ በተለይም ዝናብ የጣለበት፣ ልጁ የታመመበት ወይም ወላጅ ከሥራ የዘገየበት ቀን፣ እዚያ እንዴት እንደሚያልፍ መመርመር ያስፈልጋል።

1. ካርታ ከመክፈትዎ በፊት የልጁን ቀን በወረቀት ያስፍሩ

አሁን ባሉበት ቤት የልጅዎን አንድ ሙሉ ሳምንት ይመዝግቡ። በስንት ሰዓት ይነሳል? የቀን እንቅልፉ መቼ ይጀምራል፣ ምን ያህልስ ይቆያል? ትዕግሥቱ የሚያልቀው በየትኛው ሰዓት ላይ ነው? ከቤት ሳይወጣ ከዋለ ማታውን እንዴት ያድራል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆነ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት የሆነው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ በሁለቱም ዕድሜ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል። ይኸው መመሪያ ልጁ በጋሪ ወይም በወንበር ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይም ይመክራል።

ወላጆች እነዚህን ቁጥሮች ከሐኪም ምክር ጋር ደርበው ያስቀምጧቸዋል፤ እኔ ግን ለሰፈር መመዘኛነትም እጠቀምባቸዋለሁ። የ180 ደቂቃ እንቅስቃሴ በጠባብ ሳሎን ውስጥ በየቀኑ ሊሟላ ስለማይችል፣ ደጁ ላይ ወይም ከደጁ ብዙም ሳይርቅ ልጁ የሚሮጥበት ቦታ መኖር አለበት። እኩለ ቀን ላይ 2 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ያለው ቤተሰብ በዚያ ሰዓት ጸጥ የሚል ክፍል ይፈልጋል። የአንድ ሰዓቱ ገደብ ደግሞ ጠዋትና ማታ ልጁን ይዞ የሚደረገውን ምልልስ የሚመለከት ሲሆን፣ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስሉ ብዙ ሰፈሮችን ገና ከጅምሩ ከዝርዝርዎ ያስወጣልዎታል።

2. ከቤቱ በፊት የሕፃናት ማቆያውን ይፈልጉ

ብዙ ቤተሰብ የኪራይ ውሉን ከፈረመ በኋላ ማቆያ መፈለግ ይጀምራል። ሁለቱም ወላጆች ሥራ ላይ የሚውሉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፤ የሚከራይ ቤት በየሳምንቱ ይገኛል፣ ጥሩ ማቆያ ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ግን አንዳንድ ጊዜ ወራት ያስጠብቃል፤ በተለይ ገና 2 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ብዙ ተንከባካቢ ስለሚያስፈልግ ቦታው ጥቂት ነው። ስለዚህ ገና በሩቅ ሳሉ ለአምስት ወይም ለስድስት ማቆያዎች ይደውሉና የሚከተለውን ይጠይቁ፤ ልጆችን የሚቀበሉት ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው፣ ተጠባባቂ አለ ወይ፣ አንድ ተንከባካቢ ስንት ልጆች ይይዛል፣ በዓመት ውስጥ የሚዘጋባቸው ሳምንታት የትኞቹ ናቸው፣ ወላጅ ቢዘገይ ምን ይደረጋል፣ ልጁ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ወላጅ አብሮት መቆየት ይፈቀድለታል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሆኖም ማላመጃው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚወስድ ከሆነ ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ሊያዛባ ይችላል።

ቀጥሎ ቀላል ስሌት ይሥሩ። ማቆያው ከሚዘጋበት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ቦታዎ እስከ ማቆያው ድረስ ያለውን ጉዞ መንገዱ በጣም በተጨናነቀበት ቀን በሚፈጀው ጊዜ ልክ ይቀንሱ። የሚቀረው ከሥራ የግድ መውጣት ያለብዎት ሰዓት ነው። አሠሪዎ የማይቀበለው ሰዓት ከሆነ ያ ሰፈር፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ለእርስዎ አይሆንም።

ማቆያው ከቤት አጠገብ ይሁን ወይስ ከሥራ ቦታ አጠገብ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። እኔ ወደ ቤት ለሚቀርበው አደላለሁ። ወላጅ ሲታመም ወይም ከቤት ሆኖ ሲሠራ ልጁን ለማድረስ ከተማውን ማቋረጥ አይኖርበትም፤ ልጁ ማቆያ ውስጥ የሚያገኛቸውን ልጆች ማታ መጫወቻ ስፍራ ላይም ያገኛቸዋል፤ ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ ሥራውን የመቀየር ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ማቆያውን ከሥራ ቦታው ጋር ማሰር ያስቸግራል። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ግን ለሥራዋ የቀረበውን ብትመርጥ ትክክል ናት።

3. በካርታ ላይ ያጥሩ፤ ከዚያም ይሰርዙ

አሁን የሥራ ቦታውንና ማቆያውን በካርታ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከሁለቱ አንጻር የጉዞው ጊዜ የሚፈቅደውንም ክልል ያጥሩ። በክልሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥሩው ቦታ ሳይሆን የሚሰረዘው ቦታ ነው፤ መሰረዝ ከመምረጥ ይቀላል፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ዋና ዋና መንገዶችን ቀድመው ይመልከቱ። ከተሽከርካሪ የሚወጣው ብክለት ከመንገዱ ዳር እስከ 150 ሜትር፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 300 ሜትር ድረስ ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ እየሳሳ ሄዶ ከአካባቢው አየር ጋር ይመሳሰላል። ትንሽ ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አፍንጫውም ለጭስ ማውጫው ከፍታ የቀረበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮሜትር ላነሱ ብናኞች ያስቀመጠው ዓመታዊ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ከተሞች ከዚህ ይበልጣሉ። የከተማው አየር የሚለካ ከሆነ ሰፈሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ የማይለካ ከሆነ ከትልቁ መንገድ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ሕንፃ ወደ ውስጥ መግባት ራሱ ለውጥ ያመጣል። በአንድ ሰፈር ውስጥ፣ ተመሳሳይ ኪራይ በሚከፈልባቸው ሁለት ቤቶች መካከል እንኳ ይህ ልዩነት ይኖራል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። የድርጅቱ የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የሌሊት የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ የአውሮፕላን ደግሞ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይላል። በስልክ የሚለካው ዴሲቤል ያን ያህል የሚታመን ባይሆንም ሁለት ቤቶችን ለማነጻጸር ይበቃል፤ 10 ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። የባቡር ሐዲድን፣ የአውሮፕላን መውጫና መግቢያ መስመርን፣ ሌሊት የሚሠሩ መዝናኛ ቤቶችንና የአምቡላንስ መውጫን በካርታው ላይ ይፈልጉ።

በመጨረሻ ውሃን ይፈልጉ፤ ያልታጠረ ኩሬ፣ ክፍት ቦይ፣ ወንዝ፣ የጋራ መዋኛ። በውሃ ሰጥሞ የመሞት አደጋ በዓለም ላይ በእጅጉ ከሚበዛባቸው ዕድሜዎች አንዱ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለው ሲሆን፣ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ድምፅ የማሰማት ዕድሉም ጠባብ ነው። ውሃ ያለበትን ሰፈር ሁሉ መሰረዝ አስፈላጊ አይደለም፤ ከቤቱ በር ተነስቶ እስከ ውሃው ድረስ ልጁን የሚያግደው አጥር ከሌለ ግን ይሰርዙት።

4. ሕክምናውን በሁለት ርቀት ይለኩ

አንዱ ለክትባት፣ ለክትትልና ለተራ ትኩሳት የሚሄዱበት የሕፃናት ሐኪም ወይም ክሊኒክ ነው፤ ይህ በእግር ወይም በአጭር ጉዞ ቢገኝ ይመረጣል፣ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ በተለይ ማቆያ በጀመረበት ዓመት፣ ደጋግሞ ይታመማል። ሌላው ሌሊት የሚሠራና ሕፃናትን የሚቀበል የድንገተኛ ክፍል ነው። ለዚህኛው ጥቂት ራቅ ማለቱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በእኩለ ሌሊት በምን እንደሚሄዱ አስቀድመው ያስቡበት። የክትባት ካርዱንና የሕክምና መዝገቡን ቅጂ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ከቀድሞው ሐኪም ይቀበሉ፤ ብዙ ማቆያዎች ያለ ክትባት ማስረጃ አይመዘግቡም።

5. በእግር ይሂዱ፤ በልጁ ቁመት ይዩ

የዚህ ሁሉ ዋናው ክፍል እዚህ ነው፤ ጊዜዎ አጭር ከሆነ ሌላውን ቀንሰው ይህን ያድርጉ። የቫን ሊር ፋውንዴሽን የተባለው የኔዘርላንድ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረው መርሐ ግብር የከተማ መሪዎችን የሚጠይቀው ከተማውን ከ95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያዩት ኖሮ ምን ይለውጡ እንደነበር ነው፤ ይህ የ3 ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ቤት ፈላጊ ወላጅም ያንኑ ማድረግ ይችላል። ከታሰበው ቤት በር ላይ ቁጢጥ ብለው ግራና ቀኙን ይመልከቱ። ከቆሙ መኪኖች በላይ ምንም የማይታይዎት ከሆነ ልጁም አያይም፤ አሽከርካሪውም እሱን አያየውም።

ከተቻለ ሰፈሩን አራት ጊዜ ይጎብኙ፤ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ልጁ በሚተኛበት ሰዓት፣ ከጨለመ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የዕረፍት ቀን። በእያንዳንዱ ጉብኝት ከቤቱ እስከ ማቆያው፣ እስከ መጫወቻው፣ የዕለት አስቤዛ እስከሚገዛበትና የሕዝብ ትራንስፖርት እስከሚገኝበት ድረስ ጋሪውን እየገፉ ይሂዱ፤ ልጁ አብሮ ከሌለ ባዶውን ይግፉ። ሰው ቢያይዎት ይገርመው ይሆናል፤ ይገረም። የእግረኛው መንገድ ተቋርጦ ወደ አስፋልት የሚያስወርድዎት ስንት ቦታ ነው? ጋሪውን ማንሳት ያስፈለገዎት ስንት ጊዜ ነው? አንድ እጅዎ ጋሪውን፣ ሌላው እጅዎ ዕቃ ቢይዝ ኖሮ ማለፍ ይቻል ነበር? ካርታ 8 ደቂቃ ያለው መንገድ በልጁ እግር 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በየድንጋዩ ላይ ቆሞ ስለሚመለከት ማለት ነው። ስለዚህ በእግሩ እንዲሄድ ያሰቡበት ቦታ በአዋቂ እግር ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ማቋረጫዎቹን በተናጠል ይመርምሩ። የትራፊክ መብራት ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሰላው በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ በሚራመድ ሰው ነው፤ ድክ ድክ የሚል ልጅ እዚያ አይደርስም። አረንጓዴው ሲበራ ሰዓት ይያዙና በልጁ እርምጃ ይሻገሩ፤ መሃል ላይ ከቀሩ ያ ማቋረጫ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ልጁን በእቅፍ ይዘው የሚሮጡበት ነው። የመኪኖቹንም ፍጥነት ያስተውሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በ30 የሚሄደው ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ልጅ ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ሲል ልዩነቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የወጣው የመንገድ ደኅንነት መግለጫ እግረኞችና ተሽከርካሪዎች በሚቀላቀሉበት ቦታ 30 እንዲሆን የጠየቀውም ለዚህ ነው። ምልክቱ 30 ቢል እንኳ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ አሽከርካሪው አይታዘዝም፤ ስለዚህ የሚያዩትን እንጂ የተጻፈውን አይመኑ።

የተሽከርካሪው ብዛት ጉርብትናንም ይነካል። የከተማ ንድፍ አጥኚው ዶናልድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጥንቶ ነበር፤ በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖር ሰው እዚያው መንገድ ላይ በአማካይ 3 ወዳጆች ሲኖሩት፣ 16,000 በሚያልፍበት የሚኖረው አንድ እንኳ አልሞላለትም። ለከተማው ባዕድ ለሆነ፣ ልጁን ለግማሽ ሰዓት የሚይዝለት ዘመድ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

6. መጫወቻ ስፍራውን በውበቱ አይመዝኑት

እኛ ስንዛወር በመስኮት ትልቅ መናፈሻ የሚታይበት ቤት አግኝተን ደስ ብሎን ተከራየን። በመናፈሻውና በቤቱ መካከል ግን ባለ ስድስት መስመር መንገድ ነበረ፤ መሻገሪያው ደግሞ ደረጃ ያለው ድልድይ ነበር። ጋሪ ተሸክሞ መውጣት፣ ጋሪ ተሸክሞ መውረድ። ሁለተኛው ወር ላይ መናፈሻውን በመስኮት ብቻ እናየው ነበር፤ ልጃችን ያደገው ከሕንፃው ኋላ ባለች፣ አንድ የአሸዋ ጉድጓድና ሁለት ዛፍ ብቻ ባላት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው በየቀኑ የሚደረስባት ትንሽ ቦታ በሳምንት አንዴ ከሚደረስበት ትልቅ ቦታ እንደምትበልጥ ነው።

የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። ስፍራው ከመንገድ በአጥር ተለይቷል? ቀትር ላይ ጥላ አለው? ለትንንሾች የሚሆን ዝቅ ያለ መንሸራተቻ አለ ወይስ ሁሉም ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ነው? ከመውደቂያው በታች ያለው መሬት አሸዋ ነው፣ ጎማ ነው ወይስ ሲሚንቶ? መሬቱ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ይታያል? ወላጅ የሚቀመጥበትና ውሃ የሚገኝበት፣ መጸዳጃ ያለበት ቦታስ? ከሁሉም በላይ ግን ልጅዎ በሚወጣበት ሰዓት ሌሎች ልጆች መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ባዶ የሆነ ያማረ መጫወቻ ነዋሪዎቹ የሚያውቁት አንድ ምክንያት አለው።

7. ነዋሪውን ስለ ትናንት ይጠይቁ

«ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ለሚል ጥያቄ ሁሉም ሰው «ጥሩ ነው» ይላል፤ ደላላና አከራይ ደግሞ ከዚህ የተለየ መልስ እንዲሰጡ አይጠበቅም። ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ሲያገኙ በትሕትና ሰላም ብለው ያለፈውን ይጠይቁ፤ ልጁ ባለፈው ሲታመም ወዴት ወሰዱት፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ተጫወተ፣ ውሃና መብራት ለመጨረሻ ጊዜ የተቋረጠው መቼ ነው፣ ዝናብ ሲጥል የትኛው መንገድ ይጥለቀለቃል፣ ሌሊት የሚረብሽ ነገር አለ ወይ፣ እዚህ ቤት የለቀቀ ሰው ቢያውቁ ለምን ለቀቀ። ሰው ስለ ትናንቱ ሲጠየቅ አያስውብም። ሦስት ሰው ከጠየቁ ይበቃል።

8. ቤቱ ራሱ

ሰፈሩ ቢያልፍም ቤቱ ሊወድቅ ይችላል። አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ፣ የተኛ ልጅ፣ ጋሪና የገበያ ከረጢት አንድ ላይ የሚያስከትሉትን በአካል ሞክረው ይዩት፤ አሳንሰር ካለም በወር ስንት ቀን እንደሚበላሽ ይጠይቁ። በመስኮትና በበረንዳ መከላከያ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ብረቶቹ አግድም የተሠሩ ከሆነ ልጁ እንደ መሰላል ይወጣባቸዋል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ባለባቸው የአፓርትመንት ቤቶች መስኮት ላይ መከላከያ እንዲገጠም አከራዮችን ያስገድዳል፤ እርስዎ የሚዛወሩበት ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖር እንኳ ከመፈረምዎ በፊት መከላከያው እንዲገጠም በውሉ ውስጥ ያስጽፉ።

ቤቱ አሮጌ ከሆነ ስለ ቀለሙ ይጠይቁ። እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ዛሬም ያልታገደባቸው አገሮች አሉ። የተላጠ ቀለምና የመስኮት አቧራ ወደ አፉ የሚያስገባ ልጅ፣ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ሰውነቱ የሚወስደው መጠን ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል፤ ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ አይታወቅም። ቀለሙ የተላጠ ከሆነና ማስመርመር ካልተቻለ ሌላ ቤት ይፈልጉ። የውሃ ማሞቂያውንም ይመልከቱ፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ የልጅን ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሚያቃጥል ወደ 49 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ማድረግ የሚቻል መሆን አለበት።

9. ሲወስኑ ነጥብ አይደምሩ

ለእያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ሰጥቶ መደመር ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ያልታጠረ ቦይ በጥሩ መናፈሻ አይካካስም። ይልቁንም ሁለት ዓምድ ይሥሩ። በአንደኛው የማይታለፉትን ያስፍሩ፤ ማቆያው መገኘቱ፣ የጉዞው ጊዜ፣ መንገዱና ውሃው፣ የሌሊት እንቅልፉ፣ ኪራዩ ከገቢዎ ጋር መመጣጠኑ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰፈሩ ይቅር። በሁለተኛው ዓምድ የሚደራደሩባቸውን ያስፍሩና የተረፉትን ሁለት ወይም ሦስት ሰፈሮች በእነሱ ያወዳድሩ። ሁለቱ ወላጆች ዓምዶቹን ለየብቻ ቢሞሉና ከዚያ ቢያስተያዩ የተደበቀው ልዩነት ውሉ ሳይፈረም ይወጣል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ዝና እኔ በሁለተኛው ዓምድ ነው የማስቀምጠው። የ2 ዓመት ልጅ እዚያ እስኪደርስ አራት ዓመት ያህል ይቀረዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ርዕሰ መምህሩም፣ ሥራዎም፣ ሰፈሩም ሊለወጥ ይችላል። ቤት የሚገዛ ሰው ግን በዚህ ላይ ከእኔ ቢለይ አልከራከረውም።

10. መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ይከራዩ

በተቻለ መጠን የመጀመሪያው ውል ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያልበለጠ ይሁን፤ መልቀቅ ቢያስፈልግ የስንት ጊዜ ማስታወቂያ እንደሚጠየቅና መያዣው እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይኑር። ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ከሁሉ በፊት ያዘጋጁ፤ የድሮውን አልጋ ልብስ ሳያጥቡ ያንጥፉለት፣ የመኝታ ሰዓቱንም አይለውጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፉ ቢዛባ ወይም ከእቅፍ አልወርድም ቢል ሰፈሩን ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ግን በመጀመሪያው ደረጃ የጻፉትን የሳምንት መዝገብ ያውጡና አዲስ መዝገብ ጎን ለጎን ይሥሩ፤ የእንቅልፉን ሰዓት፣ ደጅ የዋለበትን ጊዜ፣ በጋሪ የቆየበትን ጊዜ ያስተያዩ። የውሉ ማስታወቂያ የሚሰጥበትን ቀን ደግሞ ከዚህ ንጽጽር በኋላ እንዲውል አድርገው ቀን መቁጠሪያዎ ላይ አስቀድመው ምልክት ያድርጉ።